ሳይስቁ ማማር፦ ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ እንዴት እንደተዘጋጀሁ

ፓስፖርት በብዙ አገር ለአዋቂ ሰው እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ያን ሁሉ ጊዜ አብሮኝ የሚዞር ፎቶ እንዲያምር መፈለግ መሽቀርቀር አይመስለኝም። ስለዚህ አስቤበት፣ ተዘጋጅቼ ነው የተነሳሁት።

መጀመሪያ ደንቡን አነበብኩ። የብዙ አገሮች መመዘኛ የሚነሳው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ካወጣው ሰነድ 9303 ነው። በርካታ አገሮች 35 በ45 ሚሊ ሜትር ይጠይቃሉ፤ አሜሪካ ደግሞ 51 በ51። ጀርባው ነጣ ያለ፣ ፊት ቀጥ ብሎ ካሜራውን የሚያይ፣ ዓይን የተከፈተ፣ አፍ የተዘጋ መሆን አለበት። ጥርስ የሚያሳይ ሳቅ የሚከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ሲስቅ ጉንጩ ይነሳል፣ ዓይኑ ይጠባል፣ አፉ ይሰፋል። ፊትን ከፎቶ ጋር የሚያመሳክረው ማሽን በዚህ ይቸገራል።

እንግዲህ ሳይስቁ እንዴት ነው የሚያምረው? እኔ መልሱን ያገኘሁት መስታወት ፊት ቆሜ ነው። አፌን ዝጋ ስባል ሳላስበው ጥርሴን እነክሳለሁ። መንጋጋዬ ይወጠራል፣ ቅንድቤ ይሰበሰባል፣ የተቆጣ ሰው እመስላለሁ። ከንፈሬን እንደዘጋሁ፣ ከውስጥ ጥርሶቼን በትንሹ አላቅቄ ስይዛቸው ግን ፊቴ ወዲያው ፈታ አለ። ልዩነቱ የሚገርም ነው፤ እስቲ አሁኑኑ ሞክሩት። ከዚያ የምወደውን ሰው አሰብኩ። አፍ ሳይንቀሳቀስ ዓይን ብቻውን በራ። ትከሻን ዝቅ፣ አንገትን ቀና ማድረግም ይረዳል። የፎቶው ቀን ካሜራው ፊት ስቀመጥ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ በረጅሙ ተነፈስኩ፣ ከዚያ ገለጥኩ። በዚያች ቅጽበት የተነሳው ነው የተመረጠው።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ብርሃን ነው። በእኔ እምነት ከሜካፕ ይበልጣል። መብራቱ ከአናት ብቻ ሲመጣ ዓይን ስር ጥላ ይጥላል፣ በደንብ የተኛውንም ሰው ሳይተኛ ያደረ ያስመስለዋል። ከፊት ለፊት የሚመጣ ለስለስ ያለ ብርሃን ግን ፊትን እኩል ያበራል። ከግድግዳው ራቅ ብሎ መቀመጥም ጥላው ከኋላ እንዳይታይ ያደርጋል። የካሜራው ርቀት ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ጉዳይ ነው። ካሜራ በጣም ሲጠጋ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። እኔ ፎቶ አንሺውን "ትንሽ ራቅ በልልኝ፣ ካሜራውንም በዓይኔ ትክክል አድርገው" አልኩት። ደስ ብሎት አደረገው።

ፊቴ ላይ ብዙ አልጨመርኩም። ወዙን የሚመጥ ቀለል ያለ ፓውደር ግንባርና አፍንጫ ላይ፣ ከንፈር ላይ ትንሽ ቅባት፣ በቃ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያ በፍላሽ ሲነሳ ፊትን አመዳም ሊያደርግ ይችላል፤ በተለይ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ጎልቶ ይታያል። አዲስ ክሬም በዋዜማው መሞከርም አያስፈልግም፣ ቆዳ ሊቆጣ ይችላል።

ልብስ ቀላል ነው፦ ነጭ ጀርባ ላይ ነጭ ሸሚዝ ስለሚጠፋ ደመቅ ያለ ቀለም ለበስኩ። መነጽር ማውለቅ ይሻላል፤ አሜሪካ ከኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በሐኪም ከተረጋገጠ የሕክምና ምክንያት በቀር፣ አትቀበልም። በሃይማኖት ምክንያት ፀጉራቸውን ለሚሸፍኑ በብዙ አገር ይፈቀዳል፣ ከአገጭ እስከ ግንባር ፊቱ እስከታየ ድረስ።

የመጨረሻው ጉዳይ ፎቶ አንሺው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ነው። ቆዳን ማለስለስ፣ ፊትን ማቅጠን፣ ምልክት ማጥፋት የለመደ ባለሙያ ብዙ ነው። የሚያደርገውም ለእኛው ብሎ ነው። ለፓስፖርት ግን የተነካካ ፎቶ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገና ሳይጀምር "ፊቴን እንዳትነካው" አልኩት። ሳይታተም በፊትም ስክሪኑ ላይ አየሁት። ዓይኔ ላይ ፀጉር አልወደቀም፣ መነጽሬን አውልቄያለሁ፣ ከኋላ ጥላ የለም፣ ጉንጬ ላይ ያለችው ማርያም የሳመችኝም በቦታዋ ናት። "አትመው" አልኩት።