ከጅማ ሰማይ የተመለስኩበት ቀን

ከስድስት ዓመት በኋላ ወደ ጅማ የሄድኩት በነሐሴ ነበር። ከቦሌ የተነሳው አውሮፕላን ጅማ ሰማይ ላይ ደርሶ ሁለት ጊዜ ዞረ። በመስኮቱ ባይ ባይ የሚታየኝ ደመና ብቻ ነው። ከተማዬ ከሥሩ አለች፣ አባቴም አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆሟል። ካፒቴኑ ለማረፍ የሚያስችል እይታ ስለሌለ ወደ አዲስ አበባ እንደምንመለስ ሲናገር ተሳፋሪው አጉረመረመ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ነዳጅ ሊያልቅበት ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«አይዞዎት እናቴ፣ የመመለሻው ነዳጅ ከመነሳታችን በፊት ተሰልቶ የተጫነ ነው» አልኳቸው።

ይህን ያልኩት ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። ቴክሳስ ውስጥ ሌሊቱን የማነጋው ይህንኑ ሳሰላ ነው። ሥራዬ ዲስፓቸር ይባላል። የምሠራው አውሮፕላን ውስጥ አይደለም። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ መንገዱን እመርጣለሁ፣ የአየሩን ጠባይ አነባለሁ፣ ነዳጁን አሰላለሁ፣ ከዚያ እፈርማለሁ። በአሜሪካ ሕግ የበረራው ኃላፊነት የካፒቴኑና የዲስፓቸሩ የጋራ ነው፤ ከሁለታችን አንዳችን «አይሆንም» ካልን አውሮፕላኑ አይነሳም።

ጅማ የገባሁት በማግስቱ ነው። ቤታችን በዘመድና በጎረቤት ተሞልቶ ጠበቀኝ። አንዱ አብራሪውን ይወቅሳል፣ ሌላው ክረምቱን። አባቴ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «ሲመለስ ስንት ነዳጅ ቀርቶት ነበር?» አለኝ።

ከዚያ ሁሉ ሰው ይህን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ቡና በሚጭን ኤንትሬ ላይ ነው። የጊቤን ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት ነዳጁን ሳያይ አያልፍም ነበር። ከጋቢናው ኋላ በገመድ የታሰረች አንዲት ጀሪካን ነበረችው። ክዳኗ ሥር ላስቲክ አድርጎ ያጠብቀዋል፤ ረዳቱ እንኳ እንዲነካት አይፈቅድም። ልጅ ሆኜ ያቺ ጀሪካን አንድ ቀን ስትከፈት አላየሁም።

ስለዚህ ለእሱ ማስረዳት አልከበደኝም። ከረከቦቱ ላይ ሲኒ አንስቼ ደረደርኩለት። የመጀመሪያዋ እስከ መድረሻው የሚነደው ናት። ሁለተኛዋ መድረሻው እምቢ ቢል ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚወስደው፤ የእኛ ተለዋጭ ቦሌ ነበር። ሦስተኛዋ ነፋስ ቢበረታ፣ መንገድ ቢቀየር፣ ወረፋ ቢበዛ ተብሎ የሚጨመረው። አራተኛዋን ሲኒ ግን ደፋሁለት። እሷ የመጨረሻው መጠባበቂያ ናት። በዓለም አቀፉ ደንብ እንዲህ ላለው አውሮፕላን 30 ደቂቃ፣ በአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ደግሞ 45 ደቂቃ የሚያስኬድ ነዳጅ ነው። ሲታቀድ እንዲቃጠል ታስቦ አይደለም።

«ጀሪካኗ ናታ» አለ።

«ታዲያ ታንኩን ለምን አትሞሉትም?» አለኝ ቀጥሎ። ክብደቱን ነገርኩት፤ ነዳጅ ራሱ ጭነት ነው፣ ጭነቱን ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጥራቸዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስንሄድ ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ ማረፍ የለመድነው፣ ስንመለስ ግን በቀጥታ የምንመጣው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ጭነት ይዞ ዳገት መውጣትን ለእሱ ማን ያስተምረዋል?

ያን ማታ ለማንም ያላወራሁትን አንድ ሌሊት ነገርኩት። የጸደይ ነጎድጓድ የምከታተለውን በረራ መድረሻ ዘግቶታል፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አውሮፕላኖቹን ሰማይ ላይ እያዞሩ ያቆያሉ። «ሌላ 20 ደቂቃ» ይላሉ፤ 20 ደቂቃው ሲያልቅ ሌላ 20 ይጨምራሉ። ለዚያ በረራ ተጨማሪ ነዳጅ ያስጫንኩ ጊዜ አለቃዬ «በዛ» ብሎኝ ነበር። በስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ሲቀንስ እያየሁ እጄ ቀዘቀዘ። በሥልጠና ወቅት የተማርኩት አቪያንካ 52 የተባለው የኮሎምቢያ አየር መንገድ በረራ ትዝ አለኝ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጥር 25 ቀን 1990 ኒውዮርክ አቅራቢያ ከአንድ ሰዓት በላይ ሰማይ ላይ እንዲቆይ ተደርጎ፣ ነዳጁ አልቆ ወደቀ፤ ከ158 ሰው 73ቱ ሞቱ። አብራሪዎቹ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ተናግረው ነበር፤ «አስቸኳይ አደጋ» የሚለውን ቃል ግን በግልጽ አላወጁም።

እኔም አልጠበቅሁም። ለካፒቴኑ «ተለዋጩ ክፍት ነው፣ አሁን ሂድ» ብዬ ላክሁለት። እሱም ልክ ይህንኑ ሊጽፍልኝ ነበር። የተደፋችው ሲኒ ሳትነካ አረፉ። ተሳፋሪዎቹ ያልፈለጉት ከተማ አድረው ምን ያህል እንደተማረሩ አውቃለሁ፤ እኔ ግን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

አባቴ ምንም አላለም። የደፋኋትን ሲኒ አንስቶ ቀዳልኝ።

የምመለስበት ጠዋት ጉሙ ጅማን ሸፍኗት ነበር። የሚወስደን አውሮፕላን ገና ከቦሌ እንዳልተነሳ ተነገረን። ሰዉ ሰዓቱን እያየ ይማረራል። ለአባቴ እኛም ዘንድ መድረሻው ሲጨናነቅ አውሮፕላኑን በመነሻው እንደምናቆየው ነገርኩት፤ ሞተሩ ጠፍቶ መሬት ላይ የቆመ ነዳጅ አያቃጥልም።

ጋቢውን አስተካክሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ይቁም» አለኝ፣ እጄን ይዞ። «እኔም ገና አልጠገብኩሽም።»