ከጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ጥገና በኋላ ረኀብን በደብተር መከታተል፦ የዐሥራ አንድ ወር ልምድ

የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ጥገና ካደረግሁ ዐሥራ አንድ ወር ሞላኝ። ባለፈው ዓመት ኅዳር 8 ቀን አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ስተኛ ክብደቴ 131 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ71 ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ሚዛኑ 89 አለኝ። ስለ ኪሎው ግን ብዙ የምጽፈው የለኝም። ልጽፍ የፈለግሁት ሚዛን ስለማይለካው ስለ ረኀብ ነው። ከመተኛቴ በፊት ስለ ሕመሙ፣ ስለ ስፌቱና ስለ ወጪው የነገረኝ ሰው ብዙ ሲሆን፣ ሆዴ ሞልቶ ሳለ እጄ ወደ ምግብ ሲዘረጋ ምን እንደማደርግ የነገረኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ያደረግሁት ስሊቭ የሚባለውን ዓይነት ነው። ከጨጓራ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ወይም ከዚያም የሚበልጠው ተቆርጦ ይወጣና፣ የሚቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነና የረዘመ ቱቦ ይሆናል። የሚወጣው ክፍል የምግብ ማጠራቀሚያ ብቻ አይደለም፤ ግሬሊን የተባለውንና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የጃፓን ተመራማሪዎች ያገኙትን የረኀብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨውም እሱ ነው። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጥቂት ምግብ የሚበቃን ቦታ ስለጠበበ ብቻ ሳይሆን፣ «ራበኝ» የሚለው ድምፅም አብሮ ስለሚቀንስ ነው። ይህን ሐኪሜ ሲያስረዳኝ፣ እንግዲህ መብላት የሚባል ፈተና ተገላገልኩ ብዬ ነበር ወደ ጎንደር የተመለስኩት።

አልተገላገልኩም። ቤቴ በገባሁ በሁለተኛው ቀን፣ ሰባት ሰዓት ሲሆን ምሳ አማረኝ። ሆዴ ውስጥ ምንም የሚጠራ ነገር የለም፤ እንዲያውም አንድ ጉንጭ ውሃ ለመዋጥ ጊዜ እወስድ ነበር። የጠራኝ ሰዓቱ ነው። በፒያሳ ባለችኝ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ለሃያ ዓመት ያህል በሰባት ሰዓት ዘግቼ ምሳ ስበላ ኖሬአለሁና ሰውነቴ ሰዓቱን ተምሮታል። በዚያው ቀን ከሱቁ አንድ ባለ መስመር ደብተር አስመጣሁና ገጹን ለሁለት ከፍዬ በአንዱ ራስጌ «ከሆድ»፣ በሌላው «ከልማድ» ብዬ ጻፍሁ። መብላት በፈለግሁ ቁጥር ሰዓቱን በአንዱ ዓምድ ሥር እመዘግባለሁ። ሁለቱን የምለይበት ጥያቄ አንድ ነው፦ «አሁን ጨው የሌለው የተቀቀለ ምስር ቢቀርብልኝ እበላዋለሁ?» መልሱ አዎ ከሆነ ከሆድ ነው፤ «ምስሩስ ይቅር፣ ትንሽ ጥብስ ቢሆን» ካልኩ ግን ከልማድ ነው። የሆድ ረኀብ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ የሚበላውንም አይመርጥም፤ የልማዱ በድንገት ደርሶ ምግቡን በስሙ እየጠራ ይጠይቃል።

በመጀመሪያዎቹ 23 ቀናት «ከሆድ» የሚለው ዓምድ ባዶ ነበር። «ከልማድ» የሚለው ግን 61 ጊዜ ተመዝግቧል። ይህን ቁጥር ዛሬም እየገለጥሁ አየዋለሁ፤ ከዚያ በፊት «ራበኝ» እያልኩ የበላሁት ሁሉ ስንቱ ረኀብ እንደነበር ያጠራጥረኛልና።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚታዘዘውን የምግብ ደረጃ፣ ቀዶ ጥገናውን ያደረጋችሁ የምታውቁት ስለሆነ፣ በአጭሩ ልለፈው። መጀመሪያ ፈሳሽ ብቻ፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የላመ፣ ከዚያ ለስላሳ፣ ወደ ሁለተኛው ወር ማብቂያ ደግሞ ተራ ምግብ። እኔ በቀጭን የአጃ አጥሚት፣ በተጠለለ ሾርባና በወተት ጀመርሁ። ውሃው ከምግቡ ይልቅ አስቸጋሪ ነበር፤ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ለመድረስ ግማሽ ሊትር የምትይዝ ጠርሙስ ይዤ ቀኑን ሙሉ እንደ መድኃኒት መጎንጨት ነበረብኝ። መጠኑንና ጊዜውን የራሳችሁ ሐኪም ባዘዘው ተከተሉ፤ ባይፓስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ጨጓራውን አሳንሶ ምግቡ ከትንሹ አንጀት ከፊሉን ዘልሎ እንዲያልፍ የሚያደርግ ነው፤ የእሱና የስሊቭ ትእዛዝም በአንዳንድ ነገር ይለያያል።

እኔን የከበደኝ በሰባተኛው ቀን፣ ኅዳር 15፣ ጾመ ነቢያት መግባቱ ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ አጽዋማትን ሳልፈታ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ሐኪሜ ደግሞ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን እንዳገኝ አዟል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ነው፤ 100 ግራም የበሰለ ምስር ቢበላ 9 ግራም ይገኝበታል። በአንድ ጊዜ አራትና አምስት የሾርባ ማንኪያ ብቻ የሚቀበል ጨጓራ ይዞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ አንድ ጊዜ መብላት ስሌቱ ራሱ አይሞላም፤ ውሃ ሳይጠጡ መዋልም ለአዲስ የተቆረጠ ሰው አደጋ አለው። የንስሐ አባቴን አማከርኋቸው። «ልጄ፣ ሐኪም ያዘዘህን ውሰድ፤ አንተ ዘንድሮ የምትጾመው ከምግብ አይደለም፣ ከማጉረምረም ነው» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁብኝ እንጃ፤ በእነዚያ ሳምንታት ቤተሰቡን በነገር ሳስቸግር ነው የከረምሁት። እናቴ ግን በጾሙ ውስጥ ለሚቀጥለው ደረጃ የሚሆን ምግብ አገኘችልኝ። ከባቄላ ዱቄት የሚሠራው እልበት ያለ ምንም መፍጫ የላመ ነው፤ በርበሬ የሌለበት ቀጭን አልጫ ሽሮና እንደ ገንፎ እስኪሆን የተቀቀለ የምስር ክክም ተጨመሩበት። ከጾሙ በኋላ ደግሞ ከጎርጎራ የሚመጣው የጣና ዓሣ፣ አጥንቱ በጥንቃቄ ተለቅሞ፣ ከሥጋ ሁሉ የቀለለኝ ሆነ።

አሁን ወደ መሶቡ ልምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ከአንድ መሶብ የሚበላ ሰው ምን ያህል እንደበላ አያውቅም። ፊት ለፊቱ ያለው ሲያልቅ ወጥ ይጨመርለታል፣ እንጀራ ይቆረስለታል፣ የሚያበቃውም ሌላው እጁን ሲሰበስብ ነው። ፍጥነቱም የራሱ አይደለም፤ የማዕዱ ነው። እኔ ደግሞ አንዱን ጉርሻ ሃያና ሠላሳ ጊዜ ማላመጥ፣ ሩብ ሳህን የማትሞላ ምግብ በሃያ ደቂቃ መብላት፣ ከጡቶቼ መካከል ትንሽ ግፊት እንደተሰማኝ ማቆም ነበረብኝ። ይህ ግፊት «ጠገብሁ» ማለት ነው፤ በእኔ ላይ አፍንጫዬ ውሃ መቋጠር ሲጀምር አብሮ ይመጣል፣ አንዳንዱን ሰው ስቅታ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ጉርሻ ቢጨመር ሕመሙ ደረት ላይ እንደተሰነቀረ ድንጋይ ነው፤ መጨረሻውም ማስመለስ ነው።

በጎንደር «ጠገብሁ» ያለን ሰው ማን ይሰማዋል? «አፈር ስሆን» ተብሎ የተዘረጋን ጉርሻ መመለስ ሰውን መመለስ ነው። በገና ዕለት አክስቴ ያጎረሰችኝን የዶሮ ወጥ ፍትፍት እንዳላሳዝናት ዋጥሁት፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛውን አስከተለች። ከዚያ ተነሥቼ ጓሮ ስሄድ ያየኝ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም የዚያን ቀን ከሆዴ ይልቅ ያመመኝ መደበቄ ነው። ማታ ደብተሩን ስከፍት ጉርሻውን የምጽፍበት ዓምድ አጣሁ። ከሆድ አልመጣም፣ የእኔም ልማድ አይደለም። ስለዚህ ሦስተኛ ዓምድ አሰመርሁና «ከሰው» ብዬ ጻፍሁበት። ሌላው ሰው ይህን ዓምድ ሳያስፈልገው ይቀር ይሆናል፤ እኔ ግን ያለ እሱ የራሴን ረኀብ ለይቼ ማወቅ ባልቻልሁም ነበር።

መፍትሔው በራሴ ሳህን መብላት ሆነ፤ ይህን መጻፍ ቀላል ነው፣ ማድረጉ ግን ከእናቴ ጋር ሁለት ሳምንት አኳርፎናል። ከመሶቡ ተለይቶ የሚበላ በእርሷ ዓይን ወይ በሽተኛ ነው ወይ የተጣላ ነው። በስተመጨረሻ ያግባባን ከመሶቡ ዙሪያ አለመነሣቴ ነው። ሳህኔን ይዤ እዚያው እቀመጣለሁ፣ ከማዕዱ አብሬ እባረካለሁ፣ ለሌላው አጎርሳለሁ። ማጉረሱን ራሴ ከጀመርሁ ወዲህ እኔን ለማጉረስ የሚሽቀዳደመው ሰው ቁጥር መቀነሱን ታዝቤአለሁ። ጉርሻ የግድ ሲሆን ደግሞ «ትንሽ፣ እንደ ሕፃን አድርጊልኝ» እላለሁ፤ አፍሮ ከመዋጥ ይህ ይሻላል።

ለጥምቀት ዘጠነኛ ሳምንቴ ነበር። ከአፄ ፋሲል መዋኛ ጠዋቱን በእግር ስንመለስ ቤታችን በእንግዳ ተሞልቶ አገኘነው። ጠላና ጠጅ እንደማልጠጣ ተናግሬ ስለነበር አንድ ብርጭቆ ብርዝ ተሰጠኝ፤ አልኮል የለበትምና ምንም አይደለም ብዬ ጥም እንዳለበት ሰው ጠጣሁት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ልቤ በኃይል መታ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ሆዴ ተገለባበጠ፣ መተኛት ግድ ሆነብኝ። ዳምፒንግ የሚሉት ይህ ነው፤ ስኳር የበዛበት ነገር ከጨጓራ ፈጥኖ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድና ውሃ ወደዚያ ሲስብ የሚመጣ ነው። ባይፓስ ባደረጉት ላይ ይበዛል፣ ስሊቭ ያደረግነውንም አይምርም። ማር የተፈጥሮ ነው የሚለው ምክንያት አንጀት ዘንድ አይሠራም።

በጣም ያሳሳተኝ ግን ጣፋጭ አይደለም፤ ቆሎ ነው። በአራተኛው ወር 101 ኪሎ ላይ ደርሼ ለአምስት ሳምንት ሚዛኑ አልነቃነቅ አለ። ምግቤን ብቆጥር ስሕተት የለበትም። አንድ ቀን ረዳቴ የሱቁን ጠረጴዛ ስትጠርግ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ገለባ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን እየጠበቅሁ ቆሎ በጣቴ ጫፍ ማንሣት ልማዴ ነው፤ በደብተሩ ግን አንድ ቀንም አልጻፍሁትም፣ ምግብ ነው ብዬ ስለማላስበው። እንዲህ ያለ በደንብ የሚደቅ ደረቅ ነገር እንደ እንቁላል ወይም እንደ ሥጋ አይከብድም፤ ስለዚህ የማቆሚያው ግፊት ሳይመጣ ሁለት ሰዓት ሙሉ መብላት ይቻላል። ለስላሳ እንጀራ በአንጻሩ እንደ ስፖንጅ ፈሳሽ መጥጦ ይነፋፋል፤ ሦስት ቁራሽ ይበቃኛል። አሁን ቆሎዬን በቡና ሲኒ ሰፍሬ እወስዳለሁ፤ ሲኒዋ ስትገለበጥ አበቃ። ቡናውንም ከብረት እንክብሌ ሁለት ሰዓት አርቄዋለሁ፤ ብረቱ በሰውነት እንዳይገባ ይከለክላልና።

በሰባተኛው ወር፣ ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ እውነተኛው ረኀብ ተመለሰ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሆዴ ጮኸ፤ ምስር ቢቀርብልኝ እበላ ነበር። መጀመሪያ ጨጓራዬ ተለጠጠ ብዬ በጣም ደነገጥሁና ለሐኪሜ ደወልሁ። የሚጠበቅ መሆኑን ነገረኝና ቁርሴን ጠየቀኝ። ሻይ በዳቦ ነበር። እንቁላልና አይብ አስቀድም፣ ሻይህን ከምግቡ ግማሽ ሰዓት አርቅ፣ ፈሳሽ ምግቡን አብሮት እያወረደ ጨጓራውን ቶሎ ባዶ ያደርገዋል አለኝ። እንደተባልሁት ሳደርግ ረኀቡ ከአራት ሰዓት ወደ ስድስት ሰዓት ሄደ። ለወራት ባዶ የነበረው ዓምድ አሁን በየቀኑ ይጻፍበታል፤ አንባቢ ይታዘበኝ ይሆናል እንጂ፣ ሲመለስ ደስ ብሎኛል። ሲርብ በልቶ፣ በልቶ የማቆምን ጣዕም ከረሳሁት ብዙ ዘመን ሆኖ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደብተሬ ላይ ከሆድ 15፣ ከልማድ 9፣ ከሰው 2 ተመዝግቧል። ከዘጠኙ ስድስቱ ከቀኑ አሥር እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ፣ ገበያ በቀዘቀዘበትና እኔም ወንበሬ ላይ በተቀመጥሁበት ሰዓት የመጡ ናቸው። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በዚያ ሰዓት ሱቁን ለረዳቴ ትቼ ወደ ጎሃ አቀበት በእግሬ ልወጣ አስቤአለሁ፤ ስድስቱ ወደ ስንት እንደሚወርድ በዐሥራ ሁለተኛው ወር እጽፋለሁ።