ኻን ሳብ፣ እኔና የልጅቷ የቤት ሥራ

ሻርጃ ውስጥ የተማሪዎች አውቶብስ ላይ ነው የምሠራው። ልጆች አስገባለሁ፣ ቀበቶ አስራለሁ፣ ሲያስመልሳቸው ፌስታል እይዛለሁ። ልጆቹ "አንቲ" ይሉኛል። ሾፌሩ ፓኪስታን ውስጥ ያለችው የፔሻዋር ሰው ናቸው፤ ሁሉም "ኻን ሳብ" ነው የሚላቸው። እሳቸው ደግሞ በዕድሜ አባቴ ሆነው "ባጂ" ይሉኛል። እህቴ ማለት ነው።

እኔ ደሴ የተማርኳት እንግሊዝኛ አለችኝ። ኡርዱዬ፣ የእነ ኻን ሳብ አገር ቋንቋ፣ ግን "ቻሎ" (እንሂድ) እና "ጃልዲ" (ቶሎ) ላይ ቆሟል። ኻን ሳብ ኡርዱውን ያንበለብሉታል፣ እንግሊዝኛ ግን ወፍ የለም። የምንግባባው በተሰባበረ አረብኛ ነው፤ ሲያልቅብን በእጅ።

አንድ ቀን ከሰዓት አል ናህዳ ላይ መንገዱ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። አውቶብሱ ውስጥ የቀረችው መጨረሻ የምትወርደው የአምስተኛ ክፍል ልጅ ብቻ ናት። ዞር ስል ወረቀት ይዛ ታለቅሳለች። ወረቀቱን ተቀበልኳት። በአንድ በኩል ስለ ተረትና ታሪክ የሚነገርባቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረዋል፤ በሌላው በኩል ባዶ ሳጥን። ትርጉማቸውን በኡርዱ ጻፊ ነው ትእዛዙ። ልጅቷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። ኡርዱዋ "እራት ቀረበ፣ ጫማሽን አውልቂ" ዓይነት ነው። አሜሪካ የተወለዱት የአክስቴ ልጆች አማርኛ ትዝ አለኝ።

እኔ እንግሊዝኛውን ለኻን ሳብ ላስረዳ፣ እሳቸው ኡርዱውን ሊነግሩን፣ ልጅቷ ልትጽፍ ተስማማን።

የመጀመሪያው "ስቶሪ" ነበር። ቀላል መስሎኝ ነበር። ኻን ሳብ መሪውን ለቀው "የትኛው?" አሉኝ። አያት ለልጅ የምትነግረው ካሃኒ ነው። ሻይ ላይ የሚወራው ቂሳ ነው። ሌሊት ከሌሊት የማያልቀው ዳስታን። ጸሐፊ ከልቡ አፍልቆ የሚጽፈው አፍሳና። እኔም ተረት፣ ወግ፣ ገድል፣ ልቦለድ እያልኩ በሆዴ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ልክክ አይሉም። ግን ልቦለድ፣ ልብ የወለደው፣ ከአፍሳና አጠገብ ደህና ተቀመጠ። ስለ ዳስታን ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ የአሚር ሐምዛ ዳስታን ሕንድ አገር ሉክናው ሲታተም 46 ጥራዝ እንደወጣው አየሁ። 46! ኻን ሳብ አላጋነኑም።

ፔሻዋር ውስጥ ቂሳ ኽዋኒ የሚባል ገበያ አለ። ስሙ ራሱ ተረት መንገር ማለት ነው። ድሮ የሩቅ አገር ነጋዴዎች እዚያ አርፈው ቀህዋ እየጠጡ ተራኪ ያዳምጡ ነበር አሉኝ። ቀህዋ ሲሉ ቡና መስሎኝ ምራቄን ዋጥኩ። ሄል የገባበት አረንጓዴ ሻይ ነው ለካ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 23 ቀን 1930 የእንግሊዝ ወታደሮች እዚያው ገበያ ሰልፈኛ ላይ ተኩሰው ብዙ ሰው ገድለዋል። ከእኛ የካቲት 12 ሰባት ዓመት ይቀድማል። ልጅቷ "ይሄም ቂሳ ነው?" አለቻቸው። "አይደለም" አሏት። "ዋቂያ ነው።" የሆነ ነገር፣ እውነት የደረሰ ማለት ነው። ዋቂያ ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ እሷ ግን ጥግ ላይ ጻፈችው።

"ካራክተር" ጋ ስንደርስ ኪርዳር አሉ። ደነገጥኩ። ባለፈው ወር ለተቆጣጣሪው ስለ እኔ ሲያወሩ "ኪርዳሯ ጥሩ ነው" ሲሉ ሰምቻለሁ። ተረት ውስጥ ከተውኝ ነው? ለካ ቃሉ ሁለቱንም ነው፤ የሰው ጠባይም፣ በታሪክ ውስጥ ያለው ሰውም። የኛም ገጸ ባሕርይ እኮ ባሕርይን ይዞ ነው የሚዞረው። ዘጠነኛ ክፍል ስንሸመድደው ልብ ያለው አልነበረም።

የተረት መክፈቻውን ሲነግሩን ደግሞ በሳቅ ሞትኩ። "ኤክ ዳፋ ካ ዚክር ሄ" ይላሉ። የአንድ ጊዜ ነገር ይነሳ እንደማለት ነው። እኔ የሰማሁት ዝክር የሚለውን ብቻ ነው። አያቴ በየወሩ በ12 የሚካኤልን ዝክር ስትዘክር፣ ጠላው፣ ዳቦው፣ ጎረቤቱ ሁሉ መጣብኝ። ዝክር ምን እንደሆነ ላስረዳቸው ብዬ አረብኛዬ አለቀ። በእጄ ዳቦ ስቆርስ "ረሃብ ነው?" አሉኝ። ለነገሩ ርቦኝ ነበር።

ችግር የመጣው "ፕሎት" ላይ ነው። ገና ሳላስረዳ "ፕላት! አለኝ እኮ!" አሉ። ፔሻዋር ዳር 5 ማርላ መሬት ገዝተዋል። አንድ ማርላ ወደ 25 ካሬ ሜትር ነው። አጥሩን በሁለት ዓመት ደሞዝ ነው ያቆሙት፣ በሩ ይቀራል። ሴራን በአረብኛ ማን ይናገራል? "ታሪኩ የሚሄድበት መንገድ" ብዬ በጣቴ አየር ላይ አዞርኩ። "መንገድማ አለው፣ ጥግ ላይ ነው" አሉኝ። ከኋላ ክላክስ ተነፋ። ተስፋ ቆርጬ "ፕላት ብለሽ ጻፊ" አልኳት።

"ሞራል" የሚለውን ግን በልበ ሙሉነት ነው ያስረዳሁት። መልካም ጠባይ፣ ግብረ ገብ አልኩ። ኻን ሳብም "አኽላቅ" አሉ። ልጅቷ አሳምራ ጻፈች።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን እያውለበለበች ገባች። አንድ ብቻ ተሰርዟል። አኽላቅ። መምህሯ በቀይ "ሳባቅ" ብላበታለች፤ ከተረቱ የሚገኝ ትምህርት ማለት ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ፕላት አጠገብ ግን ራይት አለ። ለካ ኡርዱም የታሪክን ሴራ ፕላት ነው የሚለው።

ኻን ሳብ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ራይቷን በጣታቸው ደጋግመው ነኳት።

"ባጂ፣ አጥሬ ጸደቀ" አሉና ሞተር አስነሱ።