የሱሪካታ ሩልና የአማርኛ ፊደል፦ ከቱሉ ዲምቱ የልምምድ ማስታወሻ

ሰላም ጓዶች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ የሰው ሩል (ሱሪካታ የተባለው የኔትወርክ ትራፊክ መርማሪ ፕሮግራም ምን ሲያይ አለርት፣ ማለትም ማስጠንቀቂያ፣ እንዲያወጣ የሚነግረው መመሪያ) ማንበቡን ቀነስ አድርጌ ራሴ መጻፍ ጀምሬያለሁ። የያዝኩት ርዕስ በአማርኛ የተጻፈ የማጭበርበሪያ ገጽን የሚይዝ ሩል ነው። ገጹን ራሴ ነኝ የሠራሁት፦ የሌለ ባንክ፣ የሌለ ሽልማት፣ በሁለት ቨርቹዋል ማሽኖች (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮች) መካከል የሚመላለስ።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፦ ስኖርት የተባለው የዚሁ ዓይነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1998 በማርቲን ሮሽ ተጀመረ፣ ሱሪካታ ደግሞ በ2010 የመጀመሪያውን ዋና እትሙን አወጣ። የሩል አጻጻፋቸው ዘመዳሞች ስለሆኑ አንዱን ያወቀ ሌላውን ማንበብ አይቸግረውም። ከየት ወደ የት የሚለው ፊት ይመጣል፣ ከዚያ ቅንፍ ውስጥ «ኮንተንት» የሚባለው፣ ማለትም የሚፈለገው የባይት ተርታ። ብዙዎቻችን መጫናችንን የምንፈትሽበት 2100498 ቁጥር ሩል «ዩአይዲ=0(ሩት)» የሚለውን ጽሑፍ ነው የሚፈልገው፤ ቅንፎቹ በቁም መስመሮች መካከል በሄክስ (በ16 መሠረት የቁጥር አጻጻፍ) 28 እና 29 ሆነው ተጽፈዋል። የራሳችሁን ሩል ስትጽፉ ቁጥሩን ከ1000000 ጀምሩ፤ ከ1000000 እስከ 1999999 ያለው ለግል ሩል የተተወ ነው።

አሁን ወደ ፊደላችን። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ደንብ) አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በአሥርዮሽ 225። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ብቻ ኮንተንት ያደረገ ሰው የአማርኛ ጋዜጣ በተከፈተ ቁጥር አለርት ይጎርፍበታል። «ሂሳብ» የሚለውን ቃል ልውሰድ፣ የባንክ አጭበርባሪ ሳይጠቅሰው አያልፍምና። ከ225 በኋላ ሂ 88 82 ነው፣ ሒ ደግሞ 88 92 (እነዚህ በሄክስ ናቸው)። በአንድ ባይት ግማሽ ብቻ ይለያያሉ፣ ለሱሪካታ ግን ሁለት ባዕዶች ናቸው። ሳ እና ሣን ጨምሩበትና ቃሉ አራት መልክ ይኖረዋል። «ኖኬዝ» (ትልቅና ትንሽ ፊደልን አትለይ የሚለው ትእዛዝ) እዚህ አያድንም፤ እሱ የሚያውቀው የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል ነው።

የሚያድንበት ቦታ ግን አለ። ተጠቃሚው ፎርሙን በአማርኛ ሞልቶ ሲልክ፣ በተለመደው የፎርም አላላክ እያንዳንዱ ፊደል በፐርሰንት ምልክት ተከፋፍሎ ዘጠኝ ቁምፊ ይሆናል፣ የጥያቄው አካል ላይም ሱሪካታ እንዳለ ነው የሚያየው። ሄክሱን አንዱ ፕሮግራም በትልቅ ፊደል፣ ሌላው በትንሽ ሊልከው ይችላል። ኖኬዝ ያኔ ጥሩ ወዳጅ ነው።

ርቀት ስትለኩም የምትቆጥሩት ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። «ዊዝኢን 30» ማለት ካለፈው ግጥሚያ መጨረሻ ጀምሮ ቀጣዩ ቃል በ30 ባይት ውስጥ ተጠቃሎ ይለቅ ማለት ነው። በአማርኛ ይህ አሥር ፊደል ነው፣ የሚፈለገው ቃል ራሱ ተቆጥሮ። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሩሎች ላይ ያያችሁትን ቁጥር እንዳለ ብትገለብጡ ይጠብባችኋል። «ኦፍሴት» (ፍለጋው የሚጀምርበት ቦታ) እና «ዴፕዝ»ም (ፍለጋው የሚዘልቅበት ርቀት) እንደዚያው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ግን «ፋስት ፓተርን» ነው። ሞተሩ፣ ማለትም ሱሪካታ፣ ሩሎቹን አንድ በአንድ አይሞክርም። ከየሩሉ አንድ ኮንተንት ይመርጥና ሁሉንም ባንድ ላይ፣ እንደ አሆ-ኮራሲክ ባለ ስልት (እ.ኤ.አ. 1975 የታተመ፣ እስካሁን የሚሠራ!) በአንድ ምንባብ ያስሳል። ሙሉ ምርመራ የሚደረገው ያ ኮንተንት የተገኘበት ሩል ላይ ብቻ ነው። እናንተ ካልመረጣችሁለት ደግሞ ባብዛኛው ረጅሙን ይወስዳል፣ ርዝመቱም በባይት ነው። የእኔ ገጽ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» 29 ባይት ናት፤ መረጃው የሚላክባት ፋይል የላቲን ስም 12 ባይት። ሞተሩ ሰላምታዋን መረጠ፣ ሰላምታዋ ደግሞ የሌለችበት የአማርኛ ድረ ገጽ ስንት ነው? ጠዋት የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው ፈልግልኝ ብላችሁ «ረጅም ነው» እንደማለት ነው። «መሰላል ተሸክሟል» ብትሉኝ ወዲያው አገኘዋለሁ። ፋስት ፓተርኑን የፋይሉ ስም ላይ አደረግሁት፤ አራቱን የ«ሂሳብ» መልኮች በአንድ ፒሲአርኢ (የአንድን ቃል ብዙ መልኮች ባንዴ የሚፈልግ የፍለጋ አጻጻፍ) ጠቅልዬ ከኋላ አስከተልኩ። ፒሲአርኢ ለሞተሩ ከባድ ሥራ ስለሆነ ብቻውን አይሰማራም።

በእኔ እምነት ጀማሪ ሩል ጸሐፊ ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው አስደንጋጭ በሚመስለው ጽሑፍ ላይ ነው። መስመሩ ላይ ብርቅ የሆነው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ፣ አሰልቺ ነገር ነው፦ የፋይል ስም፣ ያልተለመደ የሄደር (ከገጹ ይዘት በፊት የሚላከው መረጃ) ቅደም ተከተል፣ አጭበርባሪው ከሌላ ቦታ ገልብጦ ሳያስተውል የተዋት የኮድ ቁራጭ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። ገጹ በጂዚፕ ተጨምቆ ከመጣ ብቻውን የተጻፈ ኮንተንት አያየውም፤ «ፋይል ዳታ» የሚለውን በፈር (ሱሪካታ ለይቶ የሚያዘጋጀው የመረጃ ክፍል) ካስቀደማችሁ ግን ሱሪካታ ፈትቶ ያቀርብላችኋል። ማሽኑ ራሱ የላከውን ፓኬት ራሱ ላይ ከያዛችሁ ደግሞ ቼክሰሙ (ፓኬቱ እንዳልተበላሸ ማረጋገጫ ቁጥሩ) የተሳሳተ ሊመስል ይችላል፣ ምክንያቱም የሚያሰላው ኔትወርክ ካርዱ ነው። ሩሉ ዝም ካለ መጀመሪያ የቼክሰም ምርመራውን አጥፍታችሁ ሞክሩ።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል፣ ቱሉ ዲምቱ ነዋ። ለዚህ ሙያ ግን ችግር የለውም፤ የተቀመጠ ፒካፕ (የተያዘ ትራፊክ የተቀዳበት ፋይል) ያለ ኢንተርኔት ይነበባል፣ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ሩል እየቀየሩ ደግሞ ደጋግሞ ማስነበብ ነው።

ይህ ሁሉ ባልተመሰጠረ ኤችቲቲፒ ላይ ነው። ቲኤልኤስ (ትራፊኩን የሚመሰጥረው ስልት) ከመጣ ገጹ አይታይም፤ የሚቀረን የዲኤንኤስ (የድረ ገጹን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ጥያቄውና በቲኤልኤስ ሰላምታ ላይ የሚታየው የሰርቨር ስም ነው፣ እነሱም ካልተሸፈኑ። ቀጥሎ የምሠራው እዚያ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ንጹህ የአማርኛ ገጽ የያዘ ፒካፕ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል፣ ሩሉ ያለ ጥፋት እንደሚጮህ ወይም እንደማይጮህ ማየት እፈልጋለሁ። ከራሳችሁ ማሽን የተያዘ ይሁን፤ የካፌ ዋይፋይ ላይ የሰው ትራፊክ ይዛችሁ እንዳትልኩልኝ።