ጥገኛው ሐረግ ዜናውን ሲሸከም

ዛሬ ከእንግሊዝኛ የጊዜ ሐረጎች ጋር ስታገል ዋልሁ። በ«ዌን» (when፣ «በ…ጊዜ») የሚመራው ሐረግ ጥገኛ ነው፣ ብቻውን አይቆምም ተብለን ተምረናል። ነገር ግን «በሩን ልዘጋ ስል ስልኩ ጮኸ» የሚለውን እንግሊዝኛው ሲናገር በሩን ለዋናው ሐረግ ሰጥቶ ድንገተኛውን ጩኸት ለ«ዌን» ይተወዋል፤ «አይ ዋዝ አባውት ቱ ክሎዝ ዘ ዶር ዌን ዘ ፎን ራንግ»። ዜናውን ተሸክሞ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ያ ጥገኛ የተባለው ነው! በእኛ ደግሞ ዜናው ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ያርፋል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን «ኖት አንቲል» (not until፣ «እስከ…ድረስ አይደለም») ነው። ዐረፍተ ነገር ሲጀምር እንደ «ዲድ» ያለውን ረዳት ግስ ከባለቤቱ ያስቀድመዋል፤ ያውም በራሱ ሐረግ ሳይሆን በዋናው ውስጥ። «ኖት አንቲል ሺ ሌፍት ዲድ አይ አንደርስታንድ»፤ የገባኝ ከሄደች በኋላ ነው። መረዳቱ እንደዘገየ ቅደም ተከተሉ ራሱ ያሳብቃል። (ፈተና ላይ «ዲድ» ለጠፋበት ተማሪ ይህ ሁሉ ውበት ምኑም አይደለም።) «ባይ ዘ ታይም»ን (by the time) ለነገ አሳድሬዋለሁ።