ቀስቱ ወደ ማህሌት ነበር

መጀመሪያ የተመለሰልኝ የልቦለዴ ረቂቅ ቅጂ ገጽ 112 ላይ ትንሽ ተቀዷል። አንባቢዋ እርሳሱን በኃይል ተጭናው ነው። ህዳጉ ላይ አንድ ቃል ብቻ ጽፋለች፦ «ጨካኝ!»

ደስ አለኝ። በዚያ ገጽ ዮናስ ሚስቱን ይዋሻታል። ለቤት መግዣ ሰባት ዓመት ያጠራቀሙትን ገንዘብ ተደብቆ ለጓደኛው ንግድ ሰጥቶ ሁሉም ጠፍቷል። አሁንም ግን «ባንክ ነው ያለው» ይላታል። ማህሌት እውነቱን ቀድማ አውቃለች። ምንም ሳትመልስለት ሻንጣዋን ከቁም ሳጥን ላይ ታወርዳለች። አንባቢዬ በውሸቱ ደሟ ፈልቷል፣ ተሳክቶልኛል አልኩ።

ኋላ ቀስቱን አየሁት። ከቃሉ ተነስቶ የሚሄደው ወደ ዮናስ አይደለም። ወደ ማህሌት ነው።

ልቦለዱን ሦስት ዓመት ጽፌዋለሁ። የከተማ ፍቅር ነው። ሥራ ውለው የሚገናኙ ባልና ሚስት፣ የኪራይ ቤት፣ ማታ ማታ የሚጠራ ስልክ፣ አንድ የድሮ ፍቅረኛ። 26 ምዕራፍ ሆነ። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ሰው እንዲያነበው ፈለግኩና 11 ሰዎች መረጥኩ። ልቦለድ አዘውትረው የሚያነቡ አሉ። በዓመት አንድ መጽሐፍ የሚያነቡም አሉ። ያገቡ፣ የተፋቱ፣ ገና ያላገቡ። ደራሲ አልጨመርኩም። ደራሲ የራሱን መጽሐፍ ሊጽፍልኝ ይሞክራል ብዬ ፈራሁ።

አጀማመሬ ላይ ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ ያነበቡትን አራት ሰዎች አንድ ላይ ሰብስቤ «እንዴት አያችሁት?» አልኳቸው። አንደኛው ቀድሞ ተናገረ። ሲናገር የሚያሳምን ሰው ነው። «ማህሌት ራስ ወዳድ ናት» አለ። ከእሱ በኋላ ሦስቱም ከዚያችው ቃል ነው የተነሱት። አንዷ ስትገባ በር ላይ «ማህሌትን እንዴት እንደወደድኳት ብታዪ!» ብላኝ ነበር። ቁጭ ካልን በኋላ ግን አንገቷን እየነቀነቀች ትሰማ ነበር። አራት ሰው ጠርቼ የአንድ ሰው አስተያየት ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ለየብቻ አገኘሁ። የቀሩት ሰባቱ ሊያነቡ ሲሉ ደግሞ ለእያንዳንዱ ፎቶ ኮፒና እርሳስ ሰጠሁ። «ወደዳችሁት?» የሚለውን ጥያቄ ጨርሶ ተውኩት። የሚወደኝ ሰው ሁሉ «አዎ» ይለኛል፣ ያ «አዎ» ደግሞ የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደማስተካክል አይነግረኝም። ሦስት ነገር ብቻ ለመንኳቸው። አንብባችሁ ያቆማችሁበት ቦታ ላይ፣ ለእንቅልፍም ይሁን ለስልክ፣ ህዳጉ ላይ ትንሽ መስመር አስምሩ። ያላመናችሁት ነገር ላይ የኤክስ ምልክት አድርጉ። ስሜታችሁ የተነካበት ቦታ ላይ በአፋችሁ የመጣውን ቃል እንዳለ ጻፉት፣ ስድብም ቢሆን። አስተካክሉልኝ አላልኩም።

ትንሿ መስመር ከሁሉም በላይ ጠቀመችኝ። ከሰባቱ አምስቱ ምዕራፍ 9 ውስጥ አቁመዋል። እዚያ የዮናስን መሥሪያ ቤት በሰፊው ተርኬ ነበር፣ አለቃውን፣ ስብሰባውን፣ የደረጃ እድገቱን ሽሚያ። ውሸቱ ከየት እንደመጣ ያሳያል ብዬ አምኜበት ነበር። አንድም ሰው «አሰልቺ ነው» አላለኝም። አምስቱም ግን እዚያ ደርሰው ተኝተዋል። ምዕራፉን ወደ 6 ገጽ አወረድኩት። አንድ ወጣት ደግሞ «በሁለት ሌሊት ጨረስኩት፣ በጣም አሪፍ ነው!» ብሎ መለሰልኝ። ቅጂው ከገጽ 80 በኋላ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ እንደወጣ ነው፣ ወረቀቶቹ እርስ በርስ እንደተጣበቁ። ምንም አልጠየቅኩትም። ገጽ 80ን ግን ደጋግሜ አነበብኩት።

ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ነበሩ ከአንባቢዎቼ አንዱ። እሳቸው ያሰመሩበትን ቦታ መቼም አልረሳውም። ማህሌትና ዮናስ ሲተዋወቁ በሥራ ነው። «እርስዎ» ይባባላሉ። ምዕራፍ 3 ላይ ሊፍት ውስጥ ሆነው ዮናስ ሳያስበው «አንቺ» ይላታል። ሁለቱም ዝም ይላሉ። እኔ ለዚያች ቅጽበት ብዬ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌ ነበር። መምህሩ ገጹን በሙሉ ሰርዘው ከሥሩ «ልጄ፣ ‹አንቺ› ብቻውን ይበቃል» ብለው ጻፉ። ምዕራፍ 14 ላይ ማህሌት ስትሄድ ደግሞ «አቶ ዮናስ፣ ሻንጣዬን ያቀብሉኝ» ትለዋለች። ከሰባት ዓመት ትዳር በኋላ መሆኑ ነው። እዚያ ላይ ሁለቴ አስምረው «ፍቅሩ እዚህ ሞተ» ብለዋል። የምዕራፉን የመጨረሻ ሁለት አንቀጾች አወጣኋቸው። ፍቅሩ ሞቶ ካለቀ በኋላ እኔ መሞቱን እያስረዳሁ ነበር። ቋንቋችን በአንዲት ቃል መቅረብንም መራቅንም ይናገራል። እኔ ግን አላመንኩትም ነበር።

ወደ ቀስቱ ልመለስ።

ከ11ዱ አንባቢዎች ስምንቱ በማህሌት ላይ ፈረዱ። ሴቶቹም ወንዶቹም። «ጨካኝ»፣ «ምን አለበት ብትታገሰው»፣ «ድሮም አትወደውም ነበር»። ለዮናስ ግን አንጀታቸው ተላውሷል። «አሳዘነኝ»፣ «ፈርቶ እኮ ነው የዋሸው»። በጣም ተናደድኩ። የዋሸው እሱ፣ የተሰደበችው እሷ። አንባቢ ለሴት አይራራም ብዬ ልደመድም ነበር። እውነትም አንዷ «እሱ ቢሆን ጥሎ የሄደው ይቅር እለው ነበር» ብላኛለች። ይህን ያለችው ራሷ ሴት ናት፣ ስትናገረውም እየገረማት ነበር። እንዲህ ያለ ፍርድ በውስጣችን አለ፣ አልክደውም።

ግን በአንባቢ ላይ ከመፍረዴ በፊት የራሴን ድርሻ ማየት ነበረብኝ። እርሳስ ይዤ ገጽ ቆጠርኩ። በዮናስ ልብ ውስጥ ሆኜ የተረክኩት 61 ገጽ ነው። ልጅነቱ አለ፣ ኀፍረቱ አለ፣ እንቅልፍ ያጣባቸው ሌሊቶች አሉ። በማህሌት ልብ ውስጥ የነበርኩት 17 ገጽ ብቻ። ከዚያ የባሰም አለ። ገንዘቡን ለጓደኛው የሰጠበት ቀን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፏል። የእሷ መሄድ ግን 9 ገጽ ወስዷል፣ ሻንጣው፣ ደረጃው፣ ታክሲው፣ የማታነሳው ስልክ። ወንጀሉን በሹክሹክታ ተናግሬ ቅጣቱን በጩኸት አወጣሁት። አንባቢ ደግሞ አብሮት ያደረውን ሰው ይቅር ይላል። ከማህሌት ጋር አንድ ሌሊት እንኳን አላሳደርኳቸውም።

ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ብዙ አስቤበታለሁ። ማህሌትን በደንብ የማውቃት ስለመሰለኝ ነው። የማላውቀውን ዮናስን ለመረዳት ስታገል እሷን ችላ አልኳት። ለእኔ ግልጽ የነበረውን ለአንባቢ ሳልጽፈው ቀረሁ።

በዚህ መሃል የፍጻሜው ጭቅጭቅ ነበር። ስድስት ሰዎች ይታረቁ አሉ። አንዷ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ደውላ «የኔ እህት፣ እባክሽ አስታርቂያቸው፣ እንቅልፍ አጣሁ» አለችኝ። ይህ ልመና የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ሪቻርድሰን በ1747 እና 1748 እ.ኤ.አ. ረጅም ልቦለዱን በተከታታይ ቅጾች ሲያወጣ አንባቢዎች ጀግናዋን እንዲያተርፍላቸው በደብዳቤ ለምነውታል። እምቢ ብሎ ገደላት። ቻርልስ ዲከንስ ደግሞ በ1861 እ.ኤ.አ. ወዳጁ ደራሲ ቡልወር ሊተን ስለመከረው የአንድ ልቦለዱን ፍጻሜ ለወጠ። መጀመሪያ ፍቅረኞቹን ለያይቷቸው ነበር፣ ኋላ ተስፋ ያለው አደረገው። የትኛው ፍጻሜ ይሻላል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልቆመም። እነዚህን ሁለት ሰዎች እያሰብኩ ብዙ ቀን ከረምኩ። አንዱን ልከተል ብል ሌላው ያፈርሰዋል።

በመጨረሻ ስድስቱን አንድ በአንድ «ለምን?» ብዬ ጠየቅኩ። አራቱ ሲመልሱ ስለ ማህሌትና ዮናስ አልነበረም የሚያወሩት። ስለራሳቸው ቤት ነበር። አንዱ «እኔ ስላልታረቅኩ ነው» አለኝና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ለዚህ መልስ ልቦለድ ማረም አይቻልም፣ ማዳመጥ ብቻ ነው። የሁለቱ ግን ሌላ ነበር። «ለምን እንደሄደች አልገባኝም» አሉ። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው። ፍጻሜውን አልነካሁትም። ማህሌት እውነቱን የምታውቅበትን ቀን ግን ከምዕራፍ 14 ወደ ምዕራፍ 11 አመጣሁት። በሦስቱ ምዕራፎች ውስጥ አንባቢም እሷም ያውቃሉ፣ እሱ ብቻ ማወቃቸውን አያውቅም። ውሸቱን እየደጋገመ ሲነግራት አብረዋት ይሰማሉ።

ከእነዚህ ምዕራፎች በአንዱ አንባቢ ከማህሌት ጋር የሚያድርበትን ሌሊት ጻፍኩት። 4 ገጽ ነው። ማህሌት የባንኩን ወረቀት ትራሱ ሥር አድርጋ ተኝታለች። ዮናስ አምሽቶ ይመጣል። ቁልፉ በሩ ውስጥ ሲዞር ትሰማለች። እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በራሱ ጊዜ መጣልኝ፦ «የቁልፉን ድምፅ ስሰማ የተኛሁ አስመስላለሁ፤ እሱም የተኛሁ መስሎት እፎይ ሲል እሰማዋለሁ።» ስጽፈው እጄ ተንቀጠቀጠ። ከመጽሐፉ ሁሉ ምርጡ እሱ ነበር።

አዲሱን ረቂቅ ሁለት ሰዎች አነበቡት። አንዷ የልብ ጓደኛዬ ናት። ቅጂውን ራሷ ይዛ መጣች። ቁጭ ሳትል ገጹን ገለጠችና በጣቷ አሳየችኝ። ምንም አልጻፈችበትም።

«ይሄ የኔ ነው» አለች።

አልገባኝም።

«ከስድስት ዓመት በፊት ነው የነገርኩሽ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ላንቺ ብቻ።»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሶፋዬ ላይ ሆና፣ እግሯን አጥፋ፣ እያለቀሰች ስትነግረኝ። በራሱ ጊዜ የመጣልኝ መስሎኝ ነበር። ከእሷ አፍ ነበር የመጣው።

«ማንም አያውቅም እኮ» አልኳት። ይህን ማለቴ አሁንም ይቆጨኛል።

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «በየገበያው ሲሸጥ አውቃለሁ። ያ ሰውዬ ቢያነበው ደግሞ እሱም ያውቃል።»

በልቦለዱ ምክንያት ብዙ ሰው «የራስሽ ታሪክ ነው?» ብሎኛል። ያ አላስጨነቀኝም፣ አይደለም ብዬ አልፋለሁ። የጓደኛዬን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር የሚጽፍ ሰው ጓዳ ድረስ ይገባል። የሚያምኑት ሰዎች በሩን ከፍተው ያስገቡታል። ያስገቡት ግን ለመጽሐፉ ብለው አይደለም። አሁን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የሰማሁትን ነገር ስጽፍ ከጎኑ ማን እንደነገረኝ አሰፍራለሁ። ለመጠቀም ካሰብኩ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። «አይሆንም» ከተባልኩም ስሙንና ከተማውን ቀይሬ አላስገባውም።

እዚያው ፊቷ ቁጭ ብዬ ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩት። ሌላ ልተካ ብዙ ሞከርኩ። የጻፍኩት ሁሉ ከእሱ ጋር እየተነጻጸረ ይወድቅብኛል። በመጨረሻ ባዶውን ተውኩት። ቁልፉ ይዞራል፣ በሩ ይከፈታል፣ ቀጣዩ አንቀጽ ነግቷል።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ የሚደውሉልኝ አሉ። ማህሌትን የሚሰድብ ዛሬም አለ፣ አሁን ግን የሚሟገትላት አላጣችም። ባለፈው አንዲት የማላውቃት አንባቢ ደወለች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ እንዲህ አለችኝ፦

«ያ ሌሊት ላይ፣ እሱ በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ የሆነ ነገር የተዘለለ መሰለኝ። ገጹን መልሼ አየሁት። የኅትመት ስህተት ይሆን?»

«አይ፣ እንደዚያው ነው» አልኳት።

«እሺ» አለች። ትንሽ ቆይታ «እኔ ግን እዚያ ጋር አቁሜ ነው ያደርኩት» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ የራሴን ቅጂ አወጣሁ። ገጹን ፈልጌ በእርሳስ ህዳጉ ላይ ትንሽ መስመር አሰመርኩ።