አሮጌዋን ኩፔ ከዝገት እንዴት አተረፍኳት

መኪናዬ የ1998 ሆንዳ ሲቪክ ኩፔ ናት። ባለ ሁለት በር፣ ቀይ፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ። የተሠራችው ኦሃዮ፣ ኢስት ሊበርቲ በሚገኘው የሆንዳ ፋብሪካ ነው። ሞተሯ እስካሁን አላስቸገረኝም። ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረ ይህ ሞተር ባለቤቱን አያሳፍርም። በታይሚንግ ቺንጋው ግን ቀልድ የለም። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀለት ማለት ነው። ስለዚህ ቀኑን ሳላሳልፍ አስለውጣለሁ፤ የውሃ ፓምፑንም አብሬ። በሙቀት ቀን አልነሳም ካለች ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ለነዳጅ ፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሪሌ ነው፤ ውስጡ ያለው ብየዳ በዕድሜ ይሰነጠቃል። ይሄን ያህል ነው የሞተሩ ወሬ።

እነዚህን መኪኖች ከመንገድ የሚያስወጣቸው ሞተር አይደለም፣ ዝገት ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እዚህ ዊንተር ላይ በረዶ ይመጣል ከተባለ፣ ገና ጠብ ሳይል መንገዱ ላይ የጨው ውሃ ይረጫል። ሲደርቅ አስፋልቱ ላይ ነጫጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ያ ጨው ጎማ እየተከተለ ከመኪናው ሥር ይለጠፋል። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ብረቱን ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርገዋል፣ ዝገቱንም ያፋጥነዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የሚሽከረከሩትን ቮልሶች ሳስብ ምክንያቱ ይገባኛል። እዚያ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም። እዚያ ቀለሙን የሚበላው የደጋው ፀሐይ ነው።

እኔ ጋ ዝገቱ የታየው ከኋላው ጎማ በላይ፣ በፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ነው። ቀለሙ ትንሽ አበጥ ብሎ ነበር፤ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። አዲስ አበባ ሳሉ ባቲላሜራ የነበሩ አንድ ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከውስጥ በኩል አስገቡና ጭቃ በእፍኛቸው ይዘው ወጡ። «ልጄ፣ ይሄ እብጠት የዝገቱ መጨረሻ ነው እንጂ መጀመሪያው አይደለም» አሉኝ። «ከውስጥ በልቶ ነው የወጣው። ውጭውን ብትቀባው ለዓመት እንግዳ ነው የምታስተናግደው።»

ሥራው ሁሉ የተመራው በዚህ ቃል ነው። የዚህ መኪና የኋላ ፓራፋንጎ ውስጥና ውጭ ሁለት ላሜራ ተጋጥመው የታጠፉበት ጠርዝ አለው። ጎማው የሚወረውረው ጭቃና ጨው እዚያ እጥፋት ላይ ይቀመጣል፤ ለሳምንታት ሳይደርቅ ይቆያል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ውጪዋ የሚያበራ መኪና ከውስጥ እየሟሸሸች ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቀለም ከመግዛቴ በፊት መኪናዋን በክሪክ አነሳሁ፤ ከሥር መቆሚያ አድርጌ ጎማውን ፈታሁ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር እጃችሁንም ሆነ ራሳችሁን አታስገቡ። ከዚያ እጥፋቱን በውሃ ጎማ አጠብኩት፤ ንጹህ ውሃ እስኪወርድ ድረስ። ሲደርቅ በካቻቢቴ እጀታ ዙሪያውን መታ መታ አደረግሁ። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል። የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል፤ በጫፉ ገፋ ሲያደርጉትም እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። የእኔው ገና አልተበሳም። ተበስቶ ቢሆን የሚያድነው ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ብቻ ነው። ቀዳዳ ላይ እስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ ልጥፍ) መሙላት ገንዘብ መጣል ነው። እስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ከጀርባው ያለው ዝገትም ሥራውን ይቀጥላል። በተለይ ከበሩ ሥር ባለው ላሜራና የሞላ ማሰሪያዎቹ ባሉበት ቦታ ላይ ቀዳዳ ካለ፣ ያ የመልክ ጉዳይ አይደለም፤ መኪናውን የሚሸከመው ብረት ስለሆነ ለበያጅ ስጡት። የነዳጅ መሙያው ቱቦም የሚያልፈው በአንደኛው የኋላ ጎማ በኩል ነው፤ እዚያ አካባቢ እሳትና ወፍጮ የባለሙያ ሥራ ነው።

ከዚያ ወደ ብርጭቆ ወረቀት። በቁጥር 80 ብረቱ ብልጭ እስኪል ድረስ ፋቅሁ። እብጠቱ የጥፍር ያህል ቢመስልም ሲፋቅ የመዳፍ ያህል ሆነ፤ ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ አያስደንግጣችሁ። ጤነኛ ቀለም እስኪገኝ መከተል ግድ ነው። ጠርዙን በ180፣ ቀጥሎ በ320 አሳሳሁት፤ ጣት ሲያልፍበት ደረጃ እንዳይሰማው። ሲያልቅ ብረቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ጥቁር ነጥቦች ቀሩ። እነዚያ ወደ ውስጥ የሰረጉ ዝገቶች ናቸው። እነሱ ላይ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ዝገት ማጥፊያ ቀባሁ። መድኃኒቱ የተሠራው ለዝገት ነው፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሳያነብቡ በንጹህ ብረት ላይ ማፍሰስ ጥቅም የለውም፣ ቀሪውም ከቀለም በፊት በደንብ መጽዳት አለበት።

ቅባት ማጽጃ፣ ንጹህ ጨርቅ፣ ከዚያ በኋላ ባዶ እጅ የለም። የጣት ወዝ ብቻውን ቀለም ያስነሳል። ፕራይመሩን፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን፣ ኤፖክሲ መረጥኩ። ተራው ፕራይመር ውሃ ይጠጣል። ቀብቼው ነገ እጨርሳለሁ ብሎ ዝናብ ላይ ያሳደረ ሰው፣ ዝገቱን በፕራይመር ሸፍኖ አሳደረው ማለት ነው። ኤፖክሲው ግን በሩን ይዘጋል። እስቱኮ ካስፈለገም እሱ ላይ ነው የሚሄደው።

ቀለሙን ማግኘት ቀላል ነበር። በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ ባለው ወረቀት ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፤ የእኔው አር-81፣ ሚላኖ ሬድ ነው። ሜታሊክ ያልሆነ ቀለም መሆኑ ረድቶኛል። ሜታሊክ ቢሆን የሚያብለጨልጩት ቅንጣቶቹ በረጩበት አንግል ስለሚለዩ ማመሳሰሉ ከባድ ነው። ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ፈትሼ ነበር። በነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጌ ኮፈኑን ስፈትገው ጨርቁ ቀላ። ስለዚህ ላዩ ላይ ክሊር (ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን) የለም፤ ቀለሙ ራሱ ነው ፊቱ። እንዲህ ያለ ቀለም ሲደበዝዝ ወደ ሮዝ ይሄዳል። በፖሊሽ ይመለሳል፤ ነገር ግን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይሳሳል። ስለዚህ ፖሊሹን በልክ፣ ሰሙን በብዛት።

የረጨሁት በስሱ፣ በየመሃሉ እያደረቅሁ ነው። በአንዴ የተጫነ ቀለም ይወርዳል። የወረቀት ፕላስተሩን ጠርዝ ሙሉ በሙሉ አላጣበቅሁም፤ ወደ ኋላ አጠፍ አድርጌ ክፍት ተውኩት። እንዲህ ሲሆን አዲሱ ቀለም አሮጌው ላይ እየሳሳ ይሞታል፤ የተቆረጠ መስመር አይታይም። የአየሩም ነገር ወሳኝ ነው። የቨርጂኒያ ሰመር እርጥበቱ ብዙ ስለሆነ ቀለም ያደበዝዛል፤ እኔ ኦክቶበርን ጠበቅሁ። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚጨመርበትን ክሊር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የአቧራ ማስክ አይበቃም። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ሲረጭ ሳንባ ይጎዳል፤ ለዚያ የተሠራ የመተንፈሻ መከላከያ ያስፈልጋል።

የኮፈኑ ጠጠር ምቶች ሌላ ዘዴ ነበራቸው። ከቀለሙ ጋር የሚመጣው ብሩሽ ለእነሱ ይሰፋል። በስቴኪኒ ጫፍ ጠብታ እያነሳሁ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ጣልኩ። ሲደርቅ ይጎድላል፤ እንደገና ሞላሁ፣ ትንሽ ከፍ እስኪል። በኋላ በ2000 ብርጭቆ ወረቀት፣ በሳሙና ውሃ አስተካክዬ በኮምፓውንድ አበራሁት። ትዕግስት ላለው ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያረካ ሥራ የለም።

አሁን መኪናዋን በሕይወት የሚያቆያት ግን ከቀለሙ በኋላ የመጣው ነው። የኩፔ በር ረጅም ነው፤ ከሥሩ ውሃ ማውጫ ቀዳዳዎች አሉት። ቅጠልና አቧራ ሲደፍናቸው በሩ ውሃ ይይዛል። በቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እየነካካሁ እከፍታቸዋለሁ። የጣሪያውን መስኮት ማውረጃ ቱቦዎችም እንደዚሁ። ከዚያ ከበሩ ሥር ባለው ባዶ ላሜራና በፓራፋንጎው እጥፋት ውስጥ ላኖሊን ያለበት ቅባት በረጅም ቱቦ እረጫለሁ። ላኖሊን ከበግ ሱፍ የሚገኝ ቅባት ነው። ስለማይደርቅ እየተሳበ ይገባል። ሬንጅ የመሰለውን ጥቁር ልባስ አልወደውም፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩም ውሃ ይደብቃል። ቅባቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ከጎማ ነገሮች ላይ ማራቅ ነው።

ዊንተር ላይ ከዜሮ በላይ የሆነ ቀን ሲገኝ ሥሯን አጥባለሁ። ጨው የያዘ መኪና ሞቅ ባለ ጋራዥ ማሳደር ደግሞ ከውጭ ማሳደር ይብሳል። ቅዝቃዜ ዝገቱን ያዘገየዋል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል።

እንዲህ ያለች ሲቪክ ልትገዙ ከሆነ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ከኋላ ጎማዎቹ በላይ አስጠጉት፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው እስቱኮ ነው። የሻንጣውን ምንጣፍ አንሥታችሁ የተለዋጭ ጎማውን ጉድጓድ እዩ። ውሃ ካለበት ብዙ ጊዜ የሚገባው ባረጀው የኋላ መብራት ላስቲክ በኩል ነው። ላስቲኩ ርካሽ ነው፤ ጉድጓዱ ከተበሳ ግን ዋጋውን ከመደራደራችሁ በፊት በያጅ አሳዩት።